ሰማንያ አምስት ዲግሪ

“ሰማንያ አምስት ነው የሚለው!” አሉ አቶ አብዱልሐሚድ በስልክ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ቤቴል ልቧ ገና ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። “ተመስገን! በጣም ጥሩ ነው እኮ ጋሼ። ምሳ ሳትበላ ነው ወይስ በልታ?”



“ማን ናት የምትበላው?”

“ሳና። ስኳሯን የተለካችው...”

“የሳናን ስኳር ማን አነሳ? የፍሪጁን ነው የምነግርሽ! ያንቺ ሣጥን ነው ሰማንያ አምስት ዲግሪ ብሎ የጻፈልኝ። መድኃኒቱን ተይው፣ ይሄኔ ፍሪጁ ራሱ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ፈሷል።”

ቤቴል ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ቀደሟት።

“ዛሬም አርብ ነው። ቤት ሸምሲያ ጋ ደወልኩ፤ ‘ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም’ አለችኝ። አምናም ደህና ነው ብላኝ ነበር። ስለዚህ እንደ ለመድኩት ሱቄን ዘግቼ ልሮጥ ነው። ዛሬ ግን ብቻዬን አልሮጥም። ነይ፣ ኢምፔሪያል እጠብቅሻለሁ።”

“እሺ” አለች ቤቴል።

የምትሠራው ኦሎምፒያ፣ አንድ አሳንሰር አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ የተመረቀች ብትሆንም አንድም አሳንሰር ነክታ አታውቅም፤ ሥራዋ ለደንበኞች ፕሮፎርማ ማዘጋጀት ነው። ወደ አለቃዋ ወደ ወይዘሮ አዝመራ በር ከመድረሷ በፊት የምትናገረውን በልቧ ደጋገመችው። በሩን ስታንኳኳ ግን ግማሹ ጠፋባት።

“አሞሻል እንዴ?” አሉ ወይዘሮ አዝመራ።

“አላመመኝም። የሠራሁት ዕቃ ተበላሽቶብኝ ነው። ጎረቤት ቤት።”

“አንቺ ደግሞ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?”

ለክፋት አልነበረም የጠየቁት። እውነትም ገርሟቸው ነው። ቤቴል ፈገግ አለች፤ ወይዘሮ አዝመራም በእጃቸው ሂጂ የሚል ምልክት ሰጧት።

ሣጥኑ ከቁራሽ ዳቦ አይበልጥም። አያት ኮንዶሚኒየም፣ ከእነ ቤቴል አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የእነ አቶ አብዱልሐሚድ ሳሎን ውስጥ ፍሪጁ አናት ላይ ይቀመጣል። ውስጡ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሲም ካርድ የሚጎርስ ሰሌዳና የተወሰኑ ሽቦዎች አሉ። አንዱ ሽቦ በፍሪጁ በር ጎማ ሾልኮ ይገባና ጫፉ ላይ ያለው ሴንሰር የስኳር ሕመም ካለባት ልጃቸው ከሳና የኢንሱሊን ብልቃጦች ጎን ይተኛል። ቅዝቃዜው ከሁለት ዲግሪ ከወረደ ወይም ከስምንት ከዘለለ ለአቶ አብዱልሐሚድ መልእክት ይልካል። ሁሉ ሰላም ከሆነ አረንጓዴ መብራት ያበራል። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራው።

አምና ክረምት ፍሪጁ ተበላሽቶ ኢንሱሊኑን በረዶ አድርጎት ነበር። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ቀለጠ፤ ማንም አላየም። መድኃኒቱ መልኩ አልተለወጠም፤ ጉልበቱ ግን ሄዷል። ሳና የማይሠራ መድኃኒት ስትወጋ ሰንብታ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ወደቀች። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ፍሪጁ ተጠገነ፤ እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ ግን አልተጠገኑም። ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ፍሪጁን ከፍተው ብልቃጦቹን በእጃቸው መዳሰስ ጀመሩ።

ይህን ለቤቴል የነገረቻት ራሷ ሳና ናት፣ ደረጃ ላይ፣ እየሳቀች። “እናቴ ከአባቴ ጋር ተፋታለች። አሁን የምታድረው ከፍሪጁ ጋር ነው።”

ቤቴል አብራት ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ማታ ማታ የምትነካካቸው ሰሌዳዎችና ሴንሰሮች ነበሯት፤ መብራት የሚያበሩ፣ ድምፅ የሚያሰሙ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው ነገሮች። ሣጥኑን ሠርታ ስትጨርስ ይዛው ወረደች። በሩን የከፈቱላትን ወይዘሮ ሸምሲያን “ምናልባት ቢጠቅም” ብቻ አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሸምሲያ ከመተኛታቸው በፊት አረንጓዴዋን መብራት ያዩና ይተኛሉ።

አቶ አብዱልሐሚድ ኢምፔሪያል ከመለዋወጫ ሱቃቸው ፊት፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቋት። አሮጌዋ ነጭ መኪናቸው ውስጥ የዘይትና የሽቶ ሽታ ተደባልቆ ነበር። ቤቴል የላፕቶፕ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀበቶዋን አሰረች።

“ደግሞ ተናድጄ አይደለም” አሉ መኪናውን ወደ ገርጂ እያዞሩ። “ተናድጄ አይምሰልሽ።”

“አይ፣ ገብቶኛል ጋሼ።”

“ያለፈው አርብ ደንበኛ ትቼ ነው የሮጥኩት። ሰውዬው የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ እየጠበቀኝ። ቤት ስደርስ እንግዶቹ ምሳ ይበላሉ፤ ፍሪጁ እንደ ወትሮው ቀዝቅዟል። እኔ ብቻ ነኝ በላብ የተጠመቅኩት። ‘አብዱ፣ ምን አባረረህ?’ ብለው ሳቁብኝ።”

ቤቴል መስኮቱን አየች። ጃክሮስ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባሶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ረዳቶቹ በሩን እየደበደቡ “ሰሚት! ሰሚት!” ይላሉ።

ሰማንያ አምስት የሚለውን ቁጥር በደንብ ታውቀዋለች። ይህ ሴንሰር ኤሌክትሪክ አግኝቶ ሲነቃ፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ አፉ ላይ ያለው ቁጥር ሰማንያ አምስት ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የት እንዳለ ሳያውቅ እንደሚናገረው ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ፍሪጁ አይደለም። ሣጥኑ በሆነ ምክንያት ይጠፋና እንደገና ይነሳል፤ ሲነሳ ያንን ቁጥር ያነብና ይልከዋል። ይህን ችግሩ በጀመረበት አርብ ማታ ነበር ያወቀችው። ለምን እንደሚጠፋ ግን አላወቀችም። መብራት አልጠፋም። ቻርጀሩን ቀየረች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች እንደገና በየደች። በቴስተር ሶኬቱን ለካች፤ ደህና ነው። ሣጥኑን ቤቷ ወስዳ ጠረጴዛዋ ላይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አቆየችው፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። አርብ ጠዋት መልሳ ሰጠቻቸው። አርብ ከሰዓት ጠፋ።

“አርብ ምን አለ?” አለች ሳታስበው፣ ድምፅ አውጥታ።

“እኔን ትጠይቂኛለሽ?” አሉ አቶ አብዱልሐሚድ። “ያንቺ ሣጥን ጴንጤ ሆኖ ጁምዓ አልስማማው ብሎ ይሆናላ።”

ቤቴል ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

“እንደው ዝም እንዲል ማድረግ አትችይም?” አሉ። “አርብ አርብ ብቻ።”

ቤቴል ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ አየች። ባለፈው ቅዳሜ የጻፈቻት አንዲት የኮድ መስመር ላፕቶፑ ውስጥ አለች። ቁጥሩ ሰማንያ አምስት ከሆነ ተወው፣ አትላክ። ይህችን ሣጥኑ ላይ ለመጫን ገመድ መሰካትና ጥቂት መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላ የአቶ አብዱልሐሚድ ስልክ አይጮህም፣ ሱቅ አይዘጋም፣ ማንም አይስቅም።

“እችላለሁ” አለች።

“ታዲያ?”

“ዝም ካለ... ደህና ሆኖ ይሁን ጠፍቶ አናውቅም።”

አቶ አብዱልሐሚድ መሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ፊታቸው ያለው አውቶብስ ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ።

“እኔን የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?” አሉ። “ዛሬ መልእክቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ‘ይሄ ውሸታም ደግሞ ጀመረው’ ብዬ ነው። ስልኩን ገልብጬ ባንኮው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ነው የደነገጥኩት። አንድ ቀን እውነቱን ይናገራል፤ እኔ አላምነውም። ስለዚህ ሣጥኑ ይነሳ። ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ።”

“እትዬ ሸምሲያስ?”

“ሸምሲያ ምን?”

“ሌሊት።”

መንገዱ ተከፈተና መኪናው ወደ ሰሚት ቁልቁል ተንደረደረ።

የእነ አቶ አብዱልሐሚድ በር ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል። አርብ አርብ የወይዘሮ ሸምሲያ ዘመዶች ከየሰፈሩ ይሰባሰባሉ፤ ከወሎ መጥተው አያትና ሰሚት የሰፈሩ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የአገር ሰው። ቤቴል ይህንን ታውቃለች፤ የሳቁ ድምፅ እስከ ላይኛው ፎቅ ይሰማል። ግን እንግዶች ባሉበት ሰዓት ገብታ አታውቅም። ያለፉትን ሁለት አርቦች የመጣችው ከሥራ መልስ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ሣጥኑ ፍሪጁ አናት ላይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

“መጣች! የሣጥኑ ሐኪም መጣች!” አሉ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ከመጅሊሱ ፍራሽ ላይ። “ግቢ የኔ ልጅ። አብዱንም አስከትለሻል? ዛሬስ ማን ሊሞት ነው?”

ሁሉም ሳቁ። ቤቴል አንገቷን ደፍታ ሰላምታ ሰጠች፤ ከዚያ ቀና ብላ ፍሪጁን አየች።

ሣጥኑ የለም።

በቦታው ነጭ ዳንቴል አለ። ዳንቴሉ በደንብ ተተኩሶ ደርቋል፤ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ቅጠሎች ተሠርተውበታል፤ የነጭ ክሩ ጥበብ እንዲወጣ ከሥሩ ቀይ ሳቲን ገበር ተደርጎበታል። አናቱ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ቤቴል አንድ እርምጃ ስትጠጋ ነው አራት ማዕዘኑን ያየችው። ዳንቴሉ እንደ ባርኔጣ በልክ የተሰፋ ነው። ከሥሩ የወጣው ጥቁር ሽቦ ወደ ፍሪጁ በር ይወርዳል።

“አየሽው?” አለች ሳና ከኋላዋ መጥታ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። “አርብ አርብ የክት ልብሱን ይለብሳል።”

“ምን ላድርግ ታዲያ?” አሉ ወይዘሮ ሸምሲያ ሳህን ይዘው ከማድቤት እየወጡ። ፊታቸው በርቷል። “ልጅቱ ለፍታ የሠራችልኝን ዕቃ እንግዳ ፊት ሽቦውን አንጠልጥሎ ራቁቱን ይቀመጥ? ራሴ ነኝ የሠራሁት ቤቲዬ፣ በልኩ። አንቺ ሳታይው ቀርተሽ ነው እንጂ ከሰፋሁት ቆይቷል። እንግዳ ሲሄድ አውልቄ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፣ እንዳይቆሽሽ።”

ቤቴል እጇን ዘርግታ ዳንቴሉን ነካችው። ሙቀቱ በሳቲኑ አልፎ መዳፏ ላይ ደረሰ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ነበር የሚመስለው። ከዳንቴሉ ጠርዝ ሥር የምትታየው አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፤ ከዚያ ተመልሳ በራች።

በሣጥኑ ክዳን ላይ ስድስት ቀዳዳዎች በስታለች፣ ሙቀት እንዲወጣ። ሁሉም አሁን ቀይ ሳቲን ሥር ናቸው። ስለ ቻርጀሩ፣ ስለ ሲም ካርዱ፣ ስለ ሰፈሩ መብራት ኃይል፣ ስለ ሶኬቱ አስባለች። ስለ ዳንቴል አላሰበችም። እናቷ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ኮመዲኖ እንኳ ዳንቴል አለው። ሕፃን ሆና ሬዲዮ ልትፈታ ስትል መጀመሪያ የምታነሳው ዳንቴሉን ነበር።

“እህ” አሉ አቶ አብዱልሐሚድ። በሳሎኑ መሐል ቆመው ቁልፋቸውን በጣታቸው ያዞራሉ። “ምን አገኘሽ?”

እንጀራ የሚቆርሱት እጆች ቆሙ። ወይዘሮ ሸምሲያ ሳህኑን እንደያዙ ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን አልጠፋም።

ቤቴል ጉሮሮዋን ጠረገች። “ውስጡ ሬጉሌተር የምትባል ትንሽ ነገር አለች። ከቻርጀሩ የሚመጣው ኃይል ስለሚበዛ እሷ ናት ቀንሳ የምታስተላልፈው። ስትቀንስ ትሞቃለች። በጣም ከሞቀች እንዳትቃጠል ራሷን ታጠፋለች፤ ስትበርድ ትነሳለች። ሰማንያ አምስት የሚመጣው ስትነሳ ነው።”

“መኪናም ሲሞቅበት ይቆማል” አሉ አቶ አብዱልሐሚድ። “ይሄ ገባኝ። ለምንድን ነው የምትሞቀው?”

“የሠራሁላት ቤት ጠባብ ነው። አየር አይበቃትም። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“አርብ አርብ ብቻ የሚጠብ ቤት?”

ቢጫ ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ ከት ብለው ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሳና ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከቤቴል እጅ ወደ ዳንቴሉ፣ ከዳንቴሉ ወደ ቤቴል ፊት ሄደ። አፏን ስትከፍት ቤቴል አትናገሪ በሚል ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ሳና አፏን ዘጋች።

አቶ አብዱልሐሚድ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሞቀ ሞተር ያዩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ወደ ፍሪጁ ዞሩ። ዳንቴሉን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ቁልፉ ጣታቸው ላይ ቆመ።

“ሸምሲ...”

“ጋሼ!” አለች ቤቴል።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ትልቅ ሰው አቋርጣ ታውቅ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችም። ጆሮዎቿ ሲግሉ ተሰማት፤ ግን አንዴ ጀምራለች።

“አንድ አርብ ብቻ ይስጡኝ። አሁን እወስደውና ውስጡን ቀይሬ አመጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደገና በውሸት ካስሮጥዎት እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ምንም አላጠፋም።”

አቶ አብዱልሐሚድ አዩዋት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ።

“ስጣት እንጂ አብዱ!” አሉ ቢጫ ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ። “ልጅቱ ለምና ታውቃለች? እኔ ድምፅዋን ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ወላሂ።”

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “አንድ አርብ።” ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱና ከእንግዶቹ ጎን ተቀመጡ። “በሉ ምሳ አቅርቡልኝ። በባዶ ሆዴ ነው ያስሮጠኝ።”

ወይዘሮ ሸምሲያ ለቤቴል ለብቻዋ በትንሽ ሳህን ሽሮ አቀረቡላት። ሥጋው የኛ እርድ ነው፣ አትበላ ይሆናል ብለው ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው፤ ቤቴልም ሥጋውን ብትበላ ግድ እንደማይሰጣት ነግራቸው አታውቅም። ስትጨርስ ተነስታ ሣጥኑን ከሶኬቱ ነቀለች። አበባውን አወረደች፤ ሴንሰሩን ከፍሪጁ አወጣች። ዳንቴሉን ግን እላዩ ላይ እንዳለ ተወችው።

“እትዬ ሸምሲያ፣ ይሄንንም ልውሰደው?” አለች በዝግታ። “ለጥቂት ቀን።”

“ዳንቴሉን? ምን ሊያደርግልሽ?”

“ለብሶ እንዲሠራ ነው የምፈልገው። አልብሼ ልሞክረው።”

ወይዘሮ ሸምሲያ ለማጠፍ ዳንቴሉን ከሣጥኑ ላይ አነሱት። እጃቸው ሳቲኑ ላይ ቆመ። ገለበጡትና ገበሩን ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። እስካሁን ይሞቃል።

“እኔ ነኝ ለካ” አሉ።

“አይደሉም።”

“እኔ ነኝ እንጂ። ሰውዬውን ሦስት አርብ በፀሐይ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ።” ድምፃቸውን ቀነሱ፤ እንግዶቹ በራሳቸው ወሬ ተጠምደዋል። “ይቅር በቃ። ምንም አይደል፣ አላለብሰውም። እንዳለ መልሰሽ ስኪው።”

ይህ ቀላሉ መንገድ ነበር። ቤቴል እሺ ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል፤ ሣጥኑ ቦታው ይመለሳል፣ አረንጓዴዋ መብራት ዛሬ ማታም ትበራለች። ቤቴል በደጁ የተደረደሩትን ጫማዎች፣ ሶፋው ላይ የተከመሩትን ነጠላዎችና ሻሾች አየች።

“እርስዎ ቢተዉት ሌላ ሰው ነጠላውን ይጥልበታል” አለች። “ወይ ዳቦ ያስቀምጥበታል። የፍሪጅ አናት አይደል? ባዶ ቦታ ነው። እዚህ ቤት የሚቀመጥ ዕቃ እዚህ ቤት እንደሚኖረው መኖር አለበት።”

“ሳና ቦርሳዋን ነው የምትወረውርበት” አሉ ወይዘሮ ሸምሲያ፤ ሳቅም እንባም ያልሆነ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። ዳንቴሉን አራት ላይ አጥፈው ሰጧት። “ውሰጂው። እስከዚያ እኔ አለሁ። እጠብቀዋለሁ። ለምጄዋለሁ።”

ቤቴል ደረጃውን ስትወጣ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከሣጥኑ ይልቅ ከበደቻት። የአቶ አብዱልሐሚድ ቴርሞሜትር ፍሪጁ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ቴርሞሜትር ግን ለሚያየው ይናገራል እንጂ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ዛሬ ሌሊት ከሥሯ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የፍሪጅ በር ይከፈታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቆች ሲከፈቱ ቀድማ ወጣች። የፈለገችውን ቦሌ አንድ ፎቅ ላይ ያለች የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ አገኘችው፤ እንደ ሬጉሌተሯ የተረፈውን ኃይል በሙቀት የማይጥል፣ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ። ዋጋው ከጠበቀችው በላይ ነበር፤ አልተከራከረችም። ቤቷ ገብታ አሮጌዋን ሬጉሌተር ነቅላ በቦታዋ አዲሱን በየደች። ከሣጥኑ ሥር አራት የጎማ እግሮች ለጠፈች፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ከክዳኑ ወደ ጎንና ወደ ታች አወረደቻቸው።

ከዚያ ሣጥኑን ሰካችና አለበሰችው። መጀመሪያ ዳንቴሉን ከነሳቲኑ። በላዩ የእናቷን ነጠላ አጥፋ። በነጠላው ላይ አንድ ሙሉ ዳቦ።

አባቷ አቶ ላጲሶ ለምሳ ሲጠሯት በሩ ላይ ቆመው ይህን አዩ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“እየሞከርኩት ነው አባ።”

“ዳቦውን ነው?”

“ሣጥኑን።”

አቶ ላጲሶ ትንሽ አሰቡ። “ስትጨርሺ ዳቦውን አምጪው” ብለው ሄዱ።

ከምሳ በኋላ እጇን ከዳንቴሉ ሥር አስገባች። ለብ ብሏል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደግማ ነካችው፤ ያው ነው። አረንጓዴዋ መብራት አንዴም አልጠፋችም። ላፕቶፗን ከፈተችና ያቺን መስመር ፈለገቻት። ሰማንያ አምስት ከሆነ ተወው፣ አትላክ። ጠቋሚው መስመሯ መጨረሻ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። አሁን ብትተዋት ማንም አያውቅም፤ ለጥንቃቄ ነው ማለትም ይቻላል።

ደመሰሰቻት። በቦታዋ ሌላ ጻፈች። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ምንም ባይበላሽም፣ የፍሪጁን ዲግሪ ላክ። መልእክቱ ካልመጣ ሣጥኑ ራሱ ታሟል ማለት ነው፤ ያኔ አቶ አብዱልሐሚድ ይሩጡ። ጽፋ ስትጨርስ ሣጥኑን ዳንቴሉን እንደለበሰ አቅፋ ወደ ታች ወረደች። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ሸምሲያ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። አበባውን ሊያመጡ ሄዱ።

በሚቀጥለው አርብ እንግዶቹ ምሳ ላይ ሳሉ የአቶ አብዱልሐሚድ ስልክ ኢምፔሪያል ሱቃቸው ባንኮ ላይ ጮኸ። “አምስት ዲግሪ። ደህና ነው” ይላል። ደግመው አነበቡት፤ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ለደንበኛው የጀመሩትን የፍሬን ሸራ መፈለጋቸውን ቀጠሉ።